የመታመም ተራ

ነገረቻቸው! አክስቴ ነገረቻቸው! ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ የስፌት መኪናው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ጋሼን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸውና «ጋሼ፣ እኔ አሞኝ አያውቅም። አንድም ቀን» አለቻቸው። ኧረ በእናታችሁ! የያዝኩትን የመጋረጃ ቀለበት በሙሉ መሬት ላይ በተንኩት። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ቀለበቱ ሲንከባለል ብቻ ነበር።

ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። ከመጨረሻው ጀመርኩባችሁ። አክስቴም «አንቺ ልጅ ወሬ የምትጀምሪው ሁልጊዜ ከጅራቱ ነው» ትለኛለች። እሺ፣ ከጭንቅላቱ ልጀምርላችሁ።

አክስቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። እናቴም አባቴም እሷው ናት፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ በዚያችው በስፌቷ ነው። የምትሠራበት ቤት የጋሼ ነው። ጋሼ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «መነጽሬን ያየ!» እያሉ ቀኑን ሙሉ የሚፈልጉ ዓይነት ሽማግሌ። እዚያ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም። ጨርቅ የሚቆርጠው ግዙፉ ሰውዬ «መቀስ» ነው። መጋረጃ የምትተኩሰው «ካውያ» ናት፤ የወለደችው በቅርብ ነው፣ ስትስቅ እንኳን ዓይኗ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ሌሎችም አሉ፣ ግን እነዚህን ብታውቁ ይበቃችኋል። አክስቴን ደግሞ «ሊቀመንበር» ይሏታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ አታውቅም እኮ!

እንግዲህ ትምህርት ተዘግቶ፣ ቤት ተጋድሜ ጣራ እያየሁ ሳለ፣ አክስቴ የምሳ ዕቃዋን ረስታ መሄዷን አየሁ። ላድርስላት ብዬ ወጣሁ። ልብ በሉ፣ በዚያው ጠዋት ይቺው ሴትዮ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ፣ እያፏጨች፣ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣችው። እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ አለከልክ ነበር።

ስደርስ ወንበሯ ባዶ ነው። «አክስቴስ?» ስል ካውያ በአገጯ ወደ ጓዳ አመለከተችኝ። እዚያ ለደንበኛ የሚያሳዩት የናሙና መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ገለጥ ሳደርገው አክስቴ ፍራሽ ላይ ተዘርራለች! ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ዓይኗ ክድን፣ አፏ ገርበብ። ጋሼ አጠገቧ ተንበርክከው ትኩስ ሎሚ እፍ እፍ እያሉ ያበርዱላታል።

«አክስቴ!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

«ቀስ፣ ቀስ ልጄ» አሉኝ ጋሼ በሹክሹክታ፣ «ትንሽ ይሻላታል፣ አይዞሽ።»

በዚህ መሐል አክስቴ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገችና... ጠቀሰችኝ! አዎ፣ ጠቀሰችኝ! ላለቅስ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ እሷ ናት የቀደመችኝ።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው እንደ አምቡላንስ የጮህሽው?»

«ሞተሽ መስሎኝ ነዋ!»

«ተራዬ ነበር።»

«የምን ተራ?»

«የመታመም ነዋ።»

የታክሲ ተራ እንደምትነግረኝ ነው እኮ፣ በዚያ ድምፅ!

«ስሚ የኔ እመቤት» አለችኝ ክንዴን ይዛ። «ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። ግን ‹ደከመኝ› የሚባል ቋንቋ አይሰሙም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመኪናው ላይ ሳይነሱ ነው ያረጁት። ካውያ ከወለደች በኋላ፣ ገና ወገቧ ሳይጠና መጥታ ‹ጋሼ ደክሞኛል፣ ትንሽ ልቀመጥ› ብትላቸው ምን አሏት? ‹አይዞሽ፣ ሲሠሩበት ይለቃል!› እየሳቁ እኮ ነው፣ ክፋት የላቸውም። ‹አሞኛል› ያልሻቸው ቀን ግን ጉድ ነው! ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሎሚው፤ ሬዲዮውን ራሱ ያጠፉታል። እኛስ ምን እናድርግ? በሚሰሙት ቋንቋ ነገርናቸው።»

«በውሸት!»

«በሥርዓት! ሁለት ሰው በአንድ ቀን አይታመምም። ሥራ በበዛ ሰሞን ማንም አይታመምም። ተራውን የማወጣው እኔ ነኝ፤ አድልዎ የለም። የራሴን ተራ ለካውያ የሰጠሁበት ቀን ሁሉ አለ።»

ለካ ሊቀመንበርነቷ ይሄ ነው! ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት፤ ቁምነገር ላይ ነበርና።

«አክስትዬ፣ በተራ የተዋሸ ውሸት፣ ውሸት አይደለም እንዴ?»

«ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ ይሄንን ነው? ቃል መሰንጠቅ?»

«እሺ አንድ ጥያቄ ብቻ። ተራው ሳይሆን የእውነት ያመመው ሰውስ?»

«እስካሁን አልገጠመንም» አለች፣ የጫማዋን አፍንጫ እያየች። እኔ ደግሞ ክርክር ላይ ሰው ጫማውን ማየት ከጀመረ እንደሚሸነፍ አውቃለሁ። ግን ገና ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀለበት ለመሰካት ብዬ በየቀኑ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያ የሚያስቅ ቤት አይቼ አላውቅም። መቀስ ተራው ሲደርስ «ወይኔ ጭንቅላቴን!» ይልና ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይጋደማል፤ ወዲያው ደግሞ ያንኮራፋል። ጋሼ በጣታቸው «እሽሽ» እያሉ ይወጡና «ምስኪን፣ ሕመሙ ሲበረታበት ያንኮራፋል» ይሉናል። ሁላችንም ጨርቅ ውስጥ ተደፍተን እንፈርሳለን። ጋሼ ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ አይተው ደግሞ «አታልቅሱ፣ ይሻለዋል» ይላሉ!

ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ሄደብኝ። ጋሼን እያየኋቸው ነው የሄደብኝ።

አንድ ጠዋት ስንደርስ ጓዳው ውስጥ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግድግዳውን በብሩሽና በሳሙና ሲፈትጉ አገኘናቸው። «ሻጋታው ነው» አሉን እያለከለኩ። «የሚያሳምማችሁ ይሄ ሻጋታ ነው።» ፈትገው ጨረሱ፣ አክስቴ ታመመች። ቀለም አስቀቡ፣ ካውያ ታመመች። መስኮቱን አሰፉት፣ መቀስ ታመመ። ኧረ ቀለም ተራን አያድንም እኮ! እሳቸው ደግሞ ምን ያውቃሉ? በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር ይፈልጋሉ፤ ጨርቁን ያሸታሉ፣ ከታንከሩ የወጣውን ውኃ በብርጭቆ ወደ ፀሐይ አንስተው ያያሉ። ከስተዋል። የሱሪያቸው ቀበቶ ጫፍ ረዝሞ ተንጠልጥሏል።

«አክስትዬ፣ እያየሻቸው ነው?» አልኳት ጆሮዋ ሥር።

«ክር አቀብዪኝ» አለችኝ። ክሩ እጇ ላይ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጋሼ ከሥራ መውጫ ላይ አስቆሙንና እንዲህ አሉ፤ «ልጆቼ፣ ይሄን ቤት ልሸጠው ነው። ገዢም አግኝቻለሁ፣ መጋዘን ያደርገዋል። ያልሞከርኩት የለም። ቤቱ እየገደላችሁ ነው። የእናንተን ጤና እየበላሁ ከምኖር፣ መኪናዎቹ ይሸጡ።»

በቃ። ይሄን ብለው መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ።

መቀስ ጭንቅላቱን ያዘ። የእውነት ያዘው መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ካውያ ፊቷ ነጣ። አክስቴ ከዚህ ቤት ሌላ ሥራ የላትም፤ የእኔም ትምህርት፣ ያቺም ሁለት ክፍላችን፣ ሁሉም ያለው በመርፌዋ ጫፍ ላይ ነው። ጋሼስ ቢሆኑ? ያለዚህ ቤት ጠዋት ተነስተው የት ሊሄዱ ነው?

«ቀላል ነው» አለ መቀስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነገ ጀምሮ ሁላችንም እንዳን!»

እንዴት ዓይነት ብልጥ! ሁሉም ተስማማ። እኔ ብቻ «እውነቱን ብትነግሯቸውስ?» ስል ሁሉም እንደ ትንኝ አዩኝ።

በማግሥቱ ያየሁትን ጤንነት እስክሞት አልረሳውም። መቀስ ጨርቅ እየቆረጠ ይዘፍናል። ካውያ ካውያውን እንደ ዳንስ ጓደኛ ይዛ ትሽከረከራለች። አክስቴ ለምንም ለምንም ትስቃለች። የጨርቅ ብናኝ ጉሮሮዋን የነካካት አንዷ ሰፊ፣ ሳሏን አፏ ውስጥ አፍና መንገድ ድረስ ሮጣ ወጥታ ነው ያሳለችው! ጋሼ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ደስ አላቸው ብዬ ዞር ስል ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ደበቃችሁኝ» አሉ። «ሥራችን እንዳይቀር ብላችሁ ሕመማችሁን ዋጣችሁብኝ።» ሄደው የመቀስን ግንባር ነኩት፤ ሰውዬው ሲዘፍን ስለዋለ አልቦታል። «ይኸው! ትኩሳት እኮ ነው! ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትሙትብኝ። ነገውኑ እፈርማለሁ።»

አያችሁ አይደል? ሲታመሙ ጋሼ አመኗቸው፣ ሲድኑ ደግሞ አላመኗቸውም። የቀረችው እውነት ብቻ ነበረች።

ቤት ገብተን ድንች እየላጥን ነበር። አክስቴ ልጣጩን ወፍራም ወፍራም አድርጋ ትቆርጣለች፤ እሷ እንደዚያ የምታደርገው ሲጨንቃት ነው።

«ሂጂና ንገሪያቸው» አልኳት።

«ማን? እኔ?»

«ሊቀመንበሯ ማን ናት ታዲያ?»

«ያባርሩናል።»

«ቤቱ ሊሸጥ ነው አክስትዬ። ከዚህ በላይ የት ያባርሯችኋል?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ ድንቹን እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለድንቹ እንደምትናገር፣ እንዲህ አለች፤ «መጀመሪያ ላይ ለዕረፍቱ ነበር። በኋላ ግን... እኚያ ሰውዬ ግንባሬን ሲነኩኝ፣ ‹የት ላይ ነው ልጄ?› ሲሉኝ... ከእናቴ ወዲህ ግንባሬን የነካ ሰው አልነበረም። ተራዬ እስኪደርስ እናፍቅ ነበር። አሁን ሄጄ ‹ያ ሁሉ ውሸት ነበር› ልበላቸው? በምን ፊቴ?»

ውይ አክስቴ። እኔ ክርክር ብቻ ነበር ያዘጋጀሁት። እሱን ትቼ የመጣልኝን አልኳት።

«የእሳቸው እጅ ውሸት አልነበረም። ድካምሽም ውሸት አልነበረም። ውሸቷ ‹አሞኛል› የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። እሷን አውጪና በቦታዋ ‹ደክሞኛል›ን አስገቢ። የተበላሸ ስፌት ሲገጥምሽ መጋረጃውን ትጥይዋለሽ እንዴ? ክሩን መዝዘሽ እንደገና ትሰፊዋለሽ እንጂ።»

«ደሞ ስፌት ልታስተምሪኝ!» አለች፤ ግን አፍንጫዋ ቀልቷል። ያኔ እጄን ግንባሯ ላይ አደረግሁ። ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ «እጅሽ ድንች ድንች ይላል» አለችኝ። አላነሳሁትም። እሷም አንሺው አላለችኝም።

ጠዋት መጀመሪያ የነገርኳችሁ ሆነ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለመፈረም ሊወጡ ሲሉ፣ አክስቴ ከመኪናዋ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ አሞኝ አያውቅም። አንድም ቀን።»

ጋሼ የልጅ ቀልድ እንደሰማ ሰው ፈገግ አሉ። «ሳልሽስ?»

«በአፌ ነው ጋሼ።»

«ራስሽን ስተሽ የወደቅሽውስ?»

«ፍራሹን አይቼ ነው የወደቅሁት።»

አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀና ወዲያው ጸጥ አለ። አክስቴ ቀጠለች። ተራ እንደነበረ ነገረቻቸው። ተራውን የምታወጣው እሷ እንደሆነች ነገረቻቸው። የሌላ ሰው ስም አላነሳችም፤ «እኔ» ብቻ እያለች ነው የጨረሰችው። «ቤቱ ምንም የለበትም። ግድግዳውን በከንቱ ነው የፈተጉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።»

ጋሼ የካውያ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ለማረፍ ሲቀመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ተመስገን» አሉ። «ማንም አይሞትብኝም ማለት ነው?»

«ማንም ጋሼ።»

ከዚያ ነው የከፋቸው። «ግን ለምን? ሰው ነኝ እኮ። ደከመን አትሉኝም ነበር?»

ካውያ ናት የመለሰችው፣ በቀስታ፣ ካውያውን በሁለት እጇ ይዛ። «ብዬ ነበር ጋሼ።»

«ምን አልኩሽ?»

«‹ሲሠሩበት ይለቃል› አሉኝ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ጠረጉት፣ ጠረጉት። «ለቀቀሽ ታዲያ?»

«አልለቀቀኝም።»

«እኔንም አልለቀቀኝም» አሉ ጋሼ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁበት። አልለቀቀኝም።»

ኧረ እኔ ምን ልበላችሁ! ካውያ አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ያ ተራራ የሚያህል መቀስ ፊቱን ወደ ጨርቁ አዞረ። አክስቴ ብቻ አላለቀሰችም። ሄዳ ኮታቸውን ከትከሻቸው አወለቀችላቸውና፣ በዚያ የሊቀመንበር ድምፅዋ «ዛሬ ተራው የጋሼ ነው!» አለች። ሽማግሌው እየሳቁም እያለቀሱም ፍራሹ ላይ ተጋደሙ። እኛም በእግራችን ጫፍ እየሄድን መጋረጃውን ዘጋንባቸው። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

ቤቱ አልተሸጠም! አሁን ከምሳ በኋላ መኪናው ሁሉ ይጠፋል፤ ሁሉም ሰው፣ ጋሼም ጭምር፣ እግሩን ዘርግቶ ያርፋል። ካውያ ቁጭ ብላ የምትተኩስበት ረጅም ወንበር ተሠርቶላታል። የደከመው «ደክሞኛል» ይላል፣ ያመመው ሐኪም ቤት ይሄዳል። ከሥራው ሰዓት የተቀነሰ ቢመስልም ሥራው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ድሮ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ሲፈዝ ገበሩን ገልብጠው እየሰፉ ስንቱን ይፈቱት ነበር፣ አሁን የሚፈታ የለም። አክስቴም ቤት ስትገባ «ዛሬ ደክሞኛል» ትለኛለች፣ እኔም እግሯን እጠብላታለሁ፣ ወሬ እናወራለን። ሰው ድካሙን በስሙ ሲጠራው እንዴት እንደሚቀለው እኔ ከእሷ ፊት ላይ ነው ያየሁት። ስለዚህ እናንተም መሥሪያ ቤታችሁ ሆድ ቁርጠት ከመፍጠራችሁ በፊት እስቲ መጀመሪያ እውነቱን ሞክሩት። አሠሪ የሆናችሁ ደግሞ፣ «ደከመኝ» ያላችሁን ሰው አትሳቁበት፤ ሳቃችሁ ነው ሳል የሚያስተምረው።

ግን አንድ ነገር አለ። ትናንት ነው። መቀስ በሥራ መሐል «ወይኔ ጭንቅላቴን» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ! እሱ ደግሞ ያኔ አክስቴ ስትናገር ትንፍሽ አላለም፤ እስካሁንም «እኔም ዋሽቼ ነበር» ብሎ አያውቅም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ብርድ ልብሱን ይዘው ተነሱ።

ለአክስቴ «አንድ ሰው ለጋሼ ይንገራቸው እንጂ!» አልኳት።

«ምን ብለሽ?»

«ድሮም ሲዋሽ ነበር ብዬ ነዋ። ዛሬም እንደዚያው ቢሆንስ?»

«የእውነት አሞት ቢሆንስ?» አለችኝ። «‹ተራው ሳይሆን የእውነት ያመመው ሰውስ?› ያልሺኝ አንቺ አይደለሽም?»

በራሴ ጥያቄ ያዘችኝ! እኔም ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። መቀስ ከጓዳ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከሕመም ይሁን ከእንቅልፍ አላወቅሁም። በር ላይ ሲያልፈኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ነገ ጠዋት ደግሞ አየዋለሁ፣ እስካሁንም አልወሰንኩም። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ለጋሼ ትነግሯቸው ነበር? ራሱን መቀስን ትጠይቁት ነበር? ወይስ ዝም ብላችሁ አንድ ብርጭቆ ውኃ ትወስዱለት ነበር?